«አይበቃኝም» ያሉት መምህር

ሦስት ቀን ሙሉ ኔትወርክ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዳንግላ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመረ፤ የእኔማ ከኪሴ ወርዶ ጋሪ ሊሳፈር እስኪመስለኝ ድረስ ተንቀጠቀጠ። ከተከማቹት መልእክቶች መጀመሪያ የከፈትኩት አጭሩን ነው። «ጋሽ ባይነሳኝ አርፈዋል። ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት።» የተላከው ከሁለት ቀን በፊት ስለነበር «ነገ» የተባለው ቀን ትናንት ሆኖ አልፏል። በዕድሜያቸው ለምንም ነገር ቸኩለው የማያውቁ ሰው ለቀብራቸው ብቻ ቀደሙኝ።

በማግስቱ መንገዱ ተከፍቷል ሲባል በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እኔ የገባሁበት መኪና ዝም ብሎ ሄዶ አያውቅም፤ ሾፌሩ በሳቅ መሪ እንዳይስት ብለው ከኋላ ወንበር የሚወስዱኝ ረዳቶች አሉ። በዚያን ቀን ግን ከዳንግላ እስከ እንጅባራ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። ኬላ በደረስን ቁጥር ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ወንዶቹ ጉልበታቸውን ያያሉ። እኔም ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ፍርሃት የሰውን ጉሮሮ በእጅ እንደሚይዝ፣ ያዡም በዓይን እንደማይታይ ያስተማሩኝ እኚሁ ለልቅሷቸው የምሄድላቸው ሰው ነበሩ።

ጋሽ ባይነሳኝ እንጅባራ በአንድ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል መምህር ነበሩ፤ እኔ ከጎናቸው ባለው ክፍል ሦስተኛ ክፍሎችን ሒሳብ አስተምር ነበር። በሁለታችን መካከል ያለው ግድግዳ ቀርቀሃ ነው፤ ጭቃው ረግፎ ፍልጡ ብቻ ቀርቷል። እሳቸው «ሀ» ሲሉ የእኔ ተማሪዎች «ሁ» ይላሉ። በር ላይ ሲቆሙ ክፍሉ ይመሻል፤ ሲያስነጥሱ ጥሊሊ ያለ ሰው «ይማርዎት» ይላል እያልኩ አወራባቸው ነበር። ያን ሁሉ ደረት ተሸክመው ድምፃቸው ግን ከድመት እግር የለሰለሰ ነው። አባታቸው ፈረስ የሚገሩ ሰው ስለነበሩ የእሳቸውም ምሳሌ ሁሉ ፈረስ ነው። ርዕሰ መምህሩ ስለ ዓመቱ ዕቅድ ሲጠይቃቸው እንኳ «መጀመሪያ ሣሩን እንይ» ብለው ነው የመለሱለት። ለእኔ ነጋሪት የሚል ስም አወጡልኝ። «አንተ ዘንድ ምስጢር አያድርም፤ ውሎም አያውቅ» ይሉኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ በሙሉ በዚሁ ስም ሲጠራኝ ቆየ፤ እኔም ሹመት መስሎኝ ኮራሁበት።

ትርንጎ የመጣችው በአንድ ዝናባማ መስከረም ነው። ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ ካረፈ በኋላ እናቷ ይታይሽ ከዘንገና ሐይቅ ዳር ወደ ከተማ ገብታ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ድንች ትሸጥ ነበር። ልጅቱ ቤቷ ውስጥ ወፍ ናት አሉ፤ በአዊኛ ትዘፍናለች፣ በአማርኛ ከእናቷ ትከራከራለች። የትምህርት ቤቱን በር ከረገጠች ግን ያበቃል። ስሟ ሲጠራ «አቤት» አትልም። ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ አታለቅስም። ከንፈሯ ብቻ ሳይሆን ፊቷ በሙሉ ይቆምና ዓይኗ ብቻውን ይሮጣል።

አንዱ መምህር አማርኛ ስለማትችል ነው አለ። ጋሽ ባይነሳኝ በአዊኛ አናገሯት፤ በሁለቱም ቋንቋ እኩል ዝም አለች። ሌላዋ ጠበል ውሰዷት አለች፤ ይታይሽ ሰባት ቀን አስጠመቀቻትና ጉንፋን ይዛ ተመለሰች። ሦስተኛው ጥጋብ ነው፣ አለንጋ ያናግራታል ብሎ ፈረደ። እኔስ? እኔ ቀለድኩ። ይቺን ልጅ ርዕሰ መምህር አድርገው ቢሾሙልን ስብሰባችን በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር አልኩ። የመምህራኑ ክፍል በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ባይነሳኝ አልሳቁም። የሻይ ብርጭቆአቸውን ዞር ዞር አደረጉና፣

«ጠዋት ውሃ እንደማትጠጣ ታውቃለህ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ማንም አያውቅም። ሽንት ቤት ለመሄድ አፍ አውጥታ ማስፈቀድ ስለማትችል፣ ከመኝታዋ ከተነሳች ጀምሮ ቤቷ እስክትመለስ ውሃ በአፏ አይዞርም። እሳቸው ያወቁት ከንፈሯን አይተው ነው፤ የጠማው ፈረስ ከንፈር ነው አሉ። «አልናገርም ያለች መስሏችኋል። ልጅቱ ፈርታ ነው። ያልተገራ ፈረስ እጅህን የሚሸሸው ንቆህ አይደለም።» ሳቄ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ኅዳር ላይ የአባቷ ወንድም ከጃዊ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቆላ ወርዶ አርሶ ያደረ፣ ብዙ ልጅ ያለው ሰው ነው። ለማትናገር ልጅ ደብተር ምን ያደርግላታል አለ። እስከ ሰኔ ልያት፣ ክፍሏን ካላለፈች ይዣት እወርዳለሁ፣ ልጆቼን ትጠብቃለች ብሎ ቆረጠ። በቤተ ዘመድ ፊት የተናገረው ስለሆነ ይታይሽ መመለሻ አልነበራትም። በማግስቱ ጋሽ ባይነሳኝ ዘንድ መጣች። እኔ ከቀርቀሃው ወዲህ ደብተር አርማለሁ፤ እንደ ልማዴ ጆሮዬ ወዲያ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔን የጨነቀኝ የክፍሉ ነገር አይደለም» አለቻቸው። «እዚያ በረሃ አንዱ በክፉ ቢይዛት አትጮህም። ልጄ ሳትጮህ ነው የምትጠፋብኝ።»

በፍልጡ ቀዳዳ አጮልቄ ባይ ጋሽ ባይነሳኝ በዚያ አካፋ በሚያህል እጃቸው ጠመኔውን ፈጭተው ዱቄት አድርገውታል። ግንብ የሚያህል ሰው ሲፈራ ማየት ያስፈራል። ወደ ደብተሬ ተመልሼ ትክክሉን መልስ ሁሉ ስሰርዝ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ተማሪው ሲበተን እናትና ልጅ ባዶው ክፍል ውስጥ ይቀራሉ። ቅልልቦሽ ይጫወታሉ፤ ጠጠር ወደ ላይ መወርወርና መቅለብ፣ አፍ የማይጠይቅ ጨዋታ። ጋሽ ባይነሳኝ በርጩማቸውን ይዘው ከበሩ ውጭ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። በሳምንቱ በርጩማዋ ደፉን ተሻገረች። በሌላው ሳምንት አንድ ስንዝር ገባች። ፈረስ ፊት ለፊት አይኬድበትም፤ ሣር እየነጨህ፣ ጎንህን ሰጥተህ፣ እሱን እንዳላየህ ሆነህ ነው የምትጠጋው ይሉ ነበር። ከበሩ እስከ ጠጠሩ ስድስት እርምጃ ነው፤ ሁለት ወር ፈጀባቸው። በዚያ አካሄድ ባሕር ዳር ለመድረስ ቢነሱ የልጅ ልጆቻቸው ገና መንገድ ላይ፣ ዱርቤቴ ያርፉ ነበር።

ጥር መጨረሻ ላይ መሬት ቁጭ አሉ። እግራቸው አልታጠፍ ብሎ ግማሹን ክፍል ያዘ። አንዷን ጠጠር ሲወረውሩ አራቱን በመዳፋቸው ቀበሯቸው፤ የወረወሯት ደግሞ መላጣቸው ላይ አረፈች። ትርንጎ ጥርሷን አሳየች። ድምፅ የለውም፣ ግን ሳቅ ነው።

ሦስት ደንብ ነበራቸው፤ ለይታይሽም ለእኔም ነገሩን። አፏን አትዩ፣ እጇን እዩ። ተናገሪ አትበሏት። ከተናገረች ደግሞ አልሰማችሁም።

«አልሰማንም ማለት ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ቃሏ እንደ ጠጠር መሬት ላይ ይቀመጥ። አንተ አታንሳው። እሷ ታንሳው።»

መጋቢት ሲገባ እንቆቅልሽ ጀመሩ። ጠያቂው ጋሽ ባይነሳኝ፣ ተጠያቂዋ ይታይሽ፣ ትርንጎ በእናቷ ጭን ላይ ጠጠር ይዛ አድማጭ። መልሱን ያላወቀ አገር መስጠት ግዴታው ነው። አንድ ረቡዕ ይታይሽ ተሸነፈች።

«አገር ስጪኝ» አሉ።

«እንጅባራን ሰጠሁዎ።»

«አይበቃኝም።»

ዳንግላን ጨመረች፤ አይበቃኝም። ጥሊሊን፣ ቻግኒን፣ አይበቃኝም፣ አይበቃኝም። እንደዚያ ስስታም ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ ኢትዮጵያን በሙሉ ብትሰጣቸው ሱዳንን የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። ይታይሽ ደግሞ ከነዚህ ወዲያ የረገጠችው አገር የለም። «ጋሼ፣ አገር አለቀብኝ» አለች፤ ጨዋታ መሆኑን የረሳች ሰው ጭንቀት ነበረበት ድምፅዋ። ጠጠሮቹ መሬት ላይ ሲቀመጡ ከቀርቀሃው ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ ቀጭን፣ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር ማጠፊያ የመሰለ ድምፅ፣

«ዘንገናን» አለ።

እናቷን ለማስጣል የገዛ አገሯን ሰጠች። ጋሽ ባይነሳኝ አልሰሙም። ድምፃቸው ሳይነቃነቅ «ዘንገና ገብቼ ምን አጥቼ» ብለው እንደማንኛውም አሸናፊ ቀጠሉ።

እኔ ግን ሰማሁ። ከወንበሬ እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም፤ ግቢውን በሁለት እርምጃ ተሻግሬአለሁ። ሻይ የምታፈላውን ሴትዮ፣ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ ሦስት መምህራትን ጠርቼ ትርንጎ ተናገረች፣ እልል በሉ አልኳቸው። እኛ አገር ደግሞ ደስታን ዝም ብሎ ማሳለፍ ነውር ነው፤ ልጅ ሲወለድ እልል፣ ታቦት ሲወጣ እልል፣ የጠፋ በሬ ሲገኝ እልል። አምስቱም አቀለጡት። ዘበኛው የምን ሠርግ እንደሆነ ሳይጠይቅ ደወሉን ደበደበው። እያጨበጨብን ወደ ክፍሉ ገባን። ከፊት የምመራው እኔ ነበርኩ።

ትርንጎ ቀርቀሃው ላይ ተለጥፋ ቆማለች። አፏ ተከፍቷል፣ የሚወጣ ነገር የለም። ቀሚሷ ረጥቦ በእግሯ ላይ ይወርዳል። እልልታው አንድ በአንድ ጠፋ፤ የመጨረሻዋ ሴት እስክታቆም የቆየው ጊዜ ከዚያ ወዲህ ከኖርኩት ዕድሜ ይረዝማል። ጋሽ ባይነሳኝ ኮታቸውን አውልቀው ከወገቧ በታች ጠቀለሉላትና በእኛና በእሷ መካከል እንደ ግድግዳ ቆሙ።

ውጭ ስንወጣ «ነጋሪት» አሉኝ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «ውርንጭላዋ እጄን አሽትታ ነበር። አንተ ጥይት ተኮስክባት።»

ቢሰድቡኝ፣ በዚያ እጃቸው አንዴ ቢያቀምሱኝ በተሻለኝ።

ሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት አልመጣችም። ከዚያ የባሰውን ይታይሽ ነገረችን፤ ልጅቱ ቤትም ዝም ብላለች። መዝፈኑ ቀርቷል፤ እናቷን እንኳ በምልክት ነው የምታናግረው። ያን ጊዜ ነው እውነተኛ ፍርሃት የገባኝ። በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ስንት ሰው እንዳሳቅሁ እቆጥር ነበር፤ የአንዲት ልጅ ድምፅ ጨርሼ የገደልኩ እንደሆነስ የሚለው ሐሳብ እንቅልፌን ወሰደው። ጃዊ የሚሄድ አውቶቡስ ባየሁ ቁጥር መስኮቱ ላይ የእሷን ፊት እፈልጋለሁ። ሰኔ ደግሞ ሦስት ወር እንኳ አልቀረውም።

ዝም ባለች በስድስተኛው ቀን ቤቷ ውስጥ በሹክሹክታ ውሃ ጠየቀች። ወደ ክፍል ስትመለስ ግን ጠጠሮቹን አልነካችም። የጋሽ ባይነሳኝ በርጩማም ተመልሳ ከበሩ ውጭ ወጣች።

ጋሽ ባይነሳኝ ዘንድ ሄጄ ምን ላድርግ አልኳቸው። «ዝም በል» አሉኝ። ቁጣ መስሎኝ ዞርኩ፤ ለካ ሥራ እየሰጡኝ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ በሁለቱ ክፍሎች መግቢያ ላይ ተቀምጬ ዝምታ እጠብቅ ነበር። ዘበኛውን ከደወሉ አጣላሁት። ርዕሰ መምህሩን በእጄ ምልክት መለስኩት። አንድ ጊዜ ሳል ሲመጣብኝ ጋቢዬን እስከ ጉሮሮዬ ጎረስኩ፤ እስከ ዛሬ ስስቅ ክር የሚወጣ ይመስለኛል። ከፋሲካ በኋላ ጠጠር ሲወረወር ሰማሁ። ከዚያ ሁለት የክፍሏ ልጆች ጨዋታውን ገቡ። ግንቦት ላይ በአንዷ ጆሮ ሹክ ስትል ጋሽ ባይነሳኝ አላዩም። የእኔ ጥላ በበሩ ካለፈ ግን ሁሉም ይቆማል፤ ስለዚህ ጥላዬን እንኳ ሰብስቤ መቀመጥ ለመድኩ።

ሰኔ ደረሰና አጎቷ መጣ። የልጅቱን ልብስ የሚይዝበትን ፌስታል አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ከትቷል። ርዕሰ መምህሩም ንባቧን በጆሮዬ ካልሰማሁ አላሳልፍም፣ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ አለ። ጋሽ ባይነሳኝ ለመኑት፤ ስማ፣ ግን አትታይ። አጎትየውንና ርዕሰ መምህሩን እኔ ክፍል አስገብተው ከቀርቀሃው ወዲህ አስቀመጧቸው፤ እኔን ደግሞ እንደ ልጓም በመካከላቸው። ሲወጡ ፊቴን አዩኝ። ግንባራቸው በላብ ርሶ ነበር።

ከወዲያ ሦስቱ ልጆች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው ላይ የተገለበጡ ካርዶች አሉ። የደረሳት ታነሳለች፣ ታነባለች። የመጀመሪያዋ አነበበች። ሁለተኛዋ አነበበች። ከዚያ ምንም። የቆርቆሮው ጠብታ ይሰማኛል። የራሴ ልብ እንደዚያ ስለሚደልቅ ልጅቱ ትሰማብኛለች ብዬ በእጄ ያዝኩት። አጎትየው ተነፈሰና እጁን ኪሱ ከተተ፤ ፌስታሉ ኮሽ አለ። እጁን ከነፌስታሉ ጨመቅሁት። በቀዳዳው ጋሽ ባይነሳኝን አያቸዋለሁ፤ ወደ ልጅቱ አያዩም፣ ቀርቀሃ ይፍቃሉ፣ ቢላዋው ግን ቀርቀሃውን ስቶ አየር ነው የሚፍቀው።

አንዲት ጠጠር ወደቀች።

«ፈረሱ ውሃ ጠጣ።»

ያው የዛገ ማጠፊያ ነው። ጋሽ ባይነሳኝ «ቀጥሉ» አሉ፣ እንደ ተራ ነገር። ዙሩ ተመልሶ ደረሳት። «እናቴ ድንች ሸጠች።» ይህኛው ከፊተኛው ትንሽ ከፍ ይላል።

አጎትየው ደረቱን በአየር ሞላ። አውቀዋለሁ ያን አየር፤ ፉጨት ነው የሚሆነው፣ ከዚያ እልልታ ይጠራል። በአንድ እጄ አፉን ከደንኩት፣ በሌላው የራሴን። ለርዕሰ መምህሩ ሦስተኛ እጅ ስላልነበረኝ በዓይኔ ለመንኩት፤ ክራባቱን ነከሰ። የአጎትየው እንባ በጣቶቼ መካከል ሲወርድ ተሰማኝ። እንደዚያ ተያይዘን፣ ሦስት ጎልማሶች፣ ምንም ሳንሰማ ተቀመጥን።

ሲወጣ ፌስታሉን አውጥቶ ለይታይሽ ሰጣትና «ለድንች ይሁንሽ» አላት። ልጅቱ ቀረች።

ትርንጎ በዓመቱ ጮክ ብላ አነበበች፤ በሁለተኛው ዓመት ከሻይ ሻጯ ጋር መከራከር ጀመረች። ለዘበኛው ሰላምታ ትሰጣለች፣ ርዕሰ መምህሩን ትጠይቃለች። እኔ አጠገብ ስትደርስ ግን ፊቷ ይቆማል። ወደ ዳንግላ ተዛውሬ እስክሄድ አንድ ቃል አልሰጠችኝም። ጋሽ ባይነሳኝን ይቅር ትለኝ ይሆን ብዬ ብጠይቃቸው «በርጩማህን አንድ ስንዝር አስጠጋ» አሉኝ። ከዳንግላ ሆኜ በርጩማዬን እንዴት እንደማስጠጋ ሳይነግሩኝ ሞቱ።

እንጅባራ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል፤ ሰልስታቸው ነበር። ጥግ ይዤ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ቀጠን ያለች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጆግና ብርጭቆ ይዛ ለልቅሰኛው ውሃ ታድላለች። «ውሃ ልስጥዎት?» ትላለች፤ ድምፅዋ ድንኳኑን ይሻገራል። ትርንጎ ናት። እኔ ዘንድ ስትደርስ ድምፁ ተቋረጠ። ዓይኔን አፏ ላይ ሳላሳርፍ ዝቅ አደረግሁ፤ እጇን አየሁ። ብርጭቆውን ሞላች፣ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። አልሄደችም። ጆጉን መሬት አስቀምጣ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች፣ ጎኗን ሰጥታኝ።

«እንቆቅልሽ» አለች።

ጉሮሮዬን ያው የሚኒባሱ እጅ ያዘው። ሃያ ምናምን ዓመት ያላረፈ አፌ እንቢ አለኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም፤ እሷ ግን ትጠብቅ ነበር፤ መጠበቅ ከማን እንደተማረች አውቃለሁ።

«ምን አውቅልሽ» አልኩ በመጨረሻ።

«ቤቱ ነጭ ድንጋይ፣ ውስጡ ቀይ ፈረስ።»

መልሱ ምላስ ነው። አፌ ውስጥ ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያው እንዲቀመጥ አደረግሁት። አላወቅሁትም አልኳት።

«አገር ይስጡኝ።»

«ዳንግላን ከእነ ጋሪዎቹ።»

«አይበቃኝም።» አባባሏ የእሳቸው ነው፣ ከነስስቱ።

«እንጅባራን።»

«አይበቃኝም።»

ሌላ ምን እንደምትፈልግ ገባኝ፤ ያን ቀን አስደንግጬ ከአፏ ያጠፋሁባትን ቃል ነበር። ላወጣው ስል ድምፄ ቀጠነ። «ዘንገናን» አልኩ።

ጠጠር እንደምትቀልብ መዳፏን ገልበጥ አደረገችና በለሆሳስ፣

«ዘንገና ገብቼ ምን አጥቼ፤ ነጋሪቱን ሐይቁ ውስጥ ነክሬ፣ ጩኸቱን ለዳክዬ ገብሬ» አለች።

ጆጉን አንሥታ ወደሚቀጥለው ልቅሰኛ ሄደች። ከማዶ ይታይሽ እጇን አፏ ላይ ጭና ታየኛለች። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ልጅቱ ምን አለችህ ብለው ጠየቁኝ።

«ምንም አልሰማሁም፣ አባቴ» አልኳቸው።